ምኒልክ እግራቸው ከከዳቸው በኋላ

ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሲነሳ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አለ፡፡ ዐድዋ አለ፤ ስልኩ፣ ባቡሩ፣ ባንኩና ትምህርት ቤቱ አለ፡፡ ከዚያ ታሪኩ ድንገት ይዘልና ልጅ ኢያሱ ላይ ያርፋል፡፡ በመካከሉ ያሉት ከሰባት የሚበልጡ የሕመም ዓመታት፣ በተለይም የመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት፣ የቤተ መንግሥት ሽኩቻ ታሪክ ሆነው ይነገራሉ እንጂ የአንድ በሽተኛ አዛውንት ታሪክ ሆነው አይነገሩም፡፡ ማን ማንን ገፋ፣ ማን ከማን ጋር ወገነ የሚለውን ደጋግመን አንብበናል፡፡ አልጋ ላይ የዋሉት ሰው ቀናቸው እንዴት ይመሽ እንደነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፡፡

እኔ ይህን የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ፡፡ ትውልዴ ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሙያዬም ሕክምና ነው፡፡ በይፋት ቆላ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው አዛውንት ብዙ ናቸው፡፡ አንዳንዱ በአንጎሉ ውስጥ ያለ የደም ሥር ተደፍኖ ወይም ፈንድቶ ግማሽ ጎኑ የከዳው ነው፡፡ አንዳንዱ ደግሞ ወደ እግሩ የሚወርደው የደም ሥር ጠቦ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ባቱ እንደ ድንጋይ እየጠጠረ የሚያስቆመው ነው፡፡ ሁለቱ ሕመሞች ብዙ ጊዜ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የደም ሥር ግድግዳ ከዕድሜ፣ ከደም ግፊት፣ ከስኳርና ከትምባሆ የተነሳ እየደነደነና እየጠበበ ሲሄድ የሚመጡ ናቸው፡፡ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚስማሙበት ምኒልክን የጣላቸው ከአንጎል የሚነሳው፣ ዛሬ ስትሮክ የምንለው ነው፡፡ ታሪካቸው ግን ለሁለቱም ዓይነት በሽተኛ ይሆናል፡፡ እግር ሲከዳ ሰው ከእርምጃ ሌላ ምን ምን እንደሚያጣ ከእሳቸው ይበልጥ ጎልቶ የታየበት ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም፡፡

የይፋት አፋፍ ልጅ

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ፡፡ የቀድሞ ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር፡፡ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በማዕረጋቸው ውስጥ ሸዋንና ይፋትን አጣምረው የሚጠሩ፣ አንኮበር ላይ የነገሡ ሰው ነበሩ፡፡ አንኮበርን ያየ ሰው ሸዋና ይፋት ለምን አብረው እንደተጠሩ ይገባዋል፡፡ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ የይፋት ቆላ ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታየዋል፡፡ ከታች አልዩ አምባ አለች፤ በታጁራ መንገድ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨውና ጨርቅ፣ ኋላም ጠመንጃ ይዞ የሚያርፍባት ገበያ፡፡ ከዚያ ተነስቶ ንጉሡ ዘንድ ለመቅረብ ዳገቱን በበቅሎ ወይም በእግር መውጣት ነው፡፡ እዚያ አገር ቁልቁለት የማይወርድ፣ ዳገት የማይወጣ ሰው ገበያም፣ ቤተ እምነትም፣ ዳኛም አያገኝም፡፡ ይህ በምኒልክ ዘመን እንዲያ ነበር፤ በብዙ ቀበሌ ዛሬም እንዲያው ነው፡፡

አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ምኒልክ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፡፡ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው ልጁን ወደ መቅደላ ወሰዱ፡፡ እዚያ ወደ አሥር ዓመት ግድም ተቀመጡ፡፡ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ደጃዝማች ብለው ሾሟቸው፤ ልጃቸውንም አልጣሽን ዳሩላቸው፡፡ ያም ሆኖ በሰኔ 1857 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ምኒልክ ከአምባው ወርደው አመለጡ፡፡ የወሎዋ ንግሥት ወርቂት የገዛ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ እያለ ተቀብለው አሳለፏቸው፤ ልጃቸውም በዚሁ ምክንያት ተገደለባቸው፡፡ በዚያው ክረምት ምኒልክ ሸዋ ገብተው፣ ራሱን ንጉሥ ያደረገውን በዛብህን አሸንፈው የአያታቸውን ከተማ አንኮበርን ያዙ፡፡

ከዚያ በኋላ ያለው አርባ ዓመት የማያርፍ ሰው ታሪክ ነው፡፡ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼ ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ከተማ ሲቀይሩ ኖሩ፡፡ በክፉ ቀን፣ በሬው በበሽታ አልቆ አገሩ ሲራብ፣ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለመኳንንቱ ምሳሌ ሆኑ፡፡ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. የ51 ዓመት ሰው ሆነው ከአዲስ አበባ ተነስተው ሰሜን ዘመቱ፤ የካቲት 23 ዐድዋ ላይ ድል አድርገው ያንኑ የወራት መንገድ ተመለሱ፡፡ ሌሊት ተነስተው መጸለይ፣ ጎሕ ሲቀድ ሥራ መጀመር፣ አናጢው፣ ግንበኛውና መንገድ ሠራተኛው ዘንድ እየሄዱ በዓይን ማየት የታወቀ ልማዳቸው ነበር፡፡ የሰው ወሬ ሰምተው ሳይሆን ሄደው አይተው የሚገዙ ንጉሥ ነበሩ ማለት ይቻላል፡፡

ለሕክምናም ቅርብ ነበሩ፡፡ በ1868 ዓ.ም. ግድም ለመጡት የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡ፡፡ ኋላ ዶክተር ትራቨርሲን የመሳሰሉ ሐኪሞች እዚያ ኖረዋል፡፡ ከዐድዋ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኛ ሊያክሙ መጡ፤ እነሱ የጀመሩት ሥራ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል ሥር ነው፡፡ ከጓዴሎፕ የመጡት ጥቁር ሐኪም ዶክተር ቪታሊየንም ባለሟላቸው ሆነዋል፡፡ እንግዲህ ምኒልክ ሐኪም ያጡ ሰው አልነበሩም፡፡ በዘመኑ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ሕክምና ሁሉ በእጃቸው ነበር፡፡

ሕመሙ ሲጀምር

የመጀመሪያው ምት የመታቸው በ1898 ዓ.ም. ነው፡፡ ዓመቱ ክፉ ነበር፤ ወራሽ ይሆናሉ የተባሉት ራስ መኰንን በዚያው በመጋቢት ወር ሞቱ፡፡ ምኒልክ ከሕመሙ አገገሙ፡፡ ወሬው ግን ከአገር ወጥቶ ነበር፡፡ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ለንደን ላይ ተፈራርመው ንጉሠ ነገሥቱ ቢሞቱ የየራሳቸውን ጥቅም እንዴት እንደሚያስከብሩ ተስማሙ፡፡ ሰውየው በሕይወት እያሉ በእሳቸው ሞት ላይ ውል ተፈጸመ ማለት ነው፡፡

ምኒልክ ነገሩ ገብቷቸዋል፡፡ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሹመት አወጡ፤ ሥራው ከአንድ ሰው ትከሻ እንዲወርድ መሆኑ ግልጽ ነው፡፡ በዚያው ዓመት መኪና አዲስ አበባ ሲገባ ወጥተው ተሳፈሩበት፡፡ ሕመሙ ሲጠናባቸው ደብረ ሊባኖስ ድረስ ሄደው ጠበል ተጠመቁ፤ የፈረንጅ ሐኪም መድኃኒትም ወሰዱ፡፡ አንዱን ከሌላው አላጣሉም፡፡ ይህ በይፋት አዛውንቶች ዘንድ እስከ ዛሬ የማየው ብልኃት ነው፤ ወቀሳም የሚገባው አይደለም፡፡ የሚያስወቅሰው ጠበሉን ወይም ዱዓውን ይዞ ክኒኑን መተው ብቻ ነው፡፡

በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ፤ ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አድርገው ሰጧቸው፡፡ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ ምት መጣ፡፡ ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፤ አንደበታቸውም ተያዘ፡፡ የ65 ዓመት ሰው ነበሩ፡፡

አራት ዓመት በአልጋ

ከዚህ በኋላ ያሉትን አራት ዓመታት ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን አልወረዱም፤ ማኅተሙ የእሳቸው ነው፣ አዋጁ በስማቸው ይወጣል፡፡ ስለ እሳቸው የሚወሰነው ነገር ሁሉ ግን ያለ እሳቸው ይወሰናል፡፡ እግርና አንደበት አብረው ሲሄዱ ሰውየው ቀርቶ ስሙ ብቻ ሥራ ይሠራል፡፡

በሕመማቸው ዘመን ሁሉ ከአልጋው ያልራቁት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፡፡ እቴጌይቱ ሥልጣኑንም አብረው ይዘው ነበር፤ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚሉት እሳቸው ነበሩ፡፡ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ አደረጓቸው፡፡ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህንን የእቴጌይቱ ውድቀት ይሉታል፡፡ እኔ በሙያዬ ዓይን ሳየው ሌላ ነገርም ይታየኛል፡፡ የማይንቀሳቀስና የማይናገር ሰው በየጥቂት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል፤ በጥንቃቄ ካልጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል፤ ካልታጠበ፣ እግሩና እጁ ካልታሸ ይኮማተራል፡፡ ከባድ ምት የመታው ሰው ከአራት ዓመት በላይ መቆየቱ፣ ያውም አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን፣ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም፡፡ መኳንንቱ ዝቅ ሊያደርጉበት የሰጡት የማስታመም ሥራ ባልየውን በሕይወት ያቆየ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፡፡

ከግቢው ውጭ ደግሞ ወሬ ነበር፡፡ ሞተዋል ይባላል፤ አልሞቱም ይባላል፤ ተመርዘዋል የሚልም ከሐኪም ሳይቀር ተነስቶ ብዙ አነጋግሯል፡፡ ሕዝቡ ንጉሡን አያያቸውም፡፡ ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፡፡ ልጅ ኢያሱ ሌላ ሞግዚት አልፈለጉም፤ ከዋና ከተማው ርቀው በአፋርና በሌሎችም ቆላዎች መዞር ያዘወትሩ ነበር፡፡

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚነካኝ የአንኮበሩ ነገር ነው፡፡ ልጅ ኢያሱ ታላቁን ግቢ ለመያዝ በፈለጉ ጊዜ ታማሚው አያታቸው ወደ አንኮበር እንዲወሰዱ ሐሳብ አቀረቡ፡፡ የግቢው ዘበኛ አዛዥ ፊታውራሪ ገብረ ማርያም ጌታዬን አላስወስድም ብለው በር ዘጉ፡፡ ነገሩ ከብቦ እስከ መታኮስ ደረሰ፤ አቡነ ማቴዎስ መካከል ገብተው አበረዱት፡፡ ምኒልክ በግቢያቸው ቀሩ፤ አዛዡም በእምቢታቸው ታሰሩ፡፡

አንኮበር የጎልማሳነታቸው ከተማ ነበረች፡፡ በጤናቸው ጊዜ ሂዱ ቢባሉ ደስ እያላቸው በሄዱ ነበር ይሆናል፡፡ ያን ቀን ግን ወደ አንኮበር መሄድ ማለት በቃሬዛ ተጭኖ፣ ከሐኪም ርቆ፣ ለሌላ ሰው ቦታ መልቀቅ ማለት ነበር፡፡ አስወሳጁም አስቀሪውም ስለ ክብራቸው ይናገራል፤ አልጋው ዘንድ ቀርቦ ፈቃዳቸውን የጠየቀ ስለመኖሩ ግን ታሪኩ አይነግረንም፡፡ ንግግር የጠፋበት ሰው ሁሉ ማስተዋሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም፡፡ ብዙዎቹ የሚባለውን ይሰማሉ፤ በዓይን፣ በእጅ ጭብጥ፣ በራስ ንቅናቄ እሺና እምቢ ማለት ይችላሉ፡፡ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል፡፡

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በ69 ዓመታቸው አረፉ፡፡ ሞታቸውም ተደበቀ፡፡ አዋጅ አልተነገረም፤ ለቅሶ አልተለቀሰም፤ አስከሬኑ በግቢው ውስጥ በምስጢር ተቀመጠ፡፡ ከ40 ዓመት በላይ በሸዋና በኢትዮጵያ ላይ ለነገሠ ሰው እዝን እንኳ አልተቀመጠም፡፡ እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው እዚያው በ1910 ዓ.ም. ሞቱ፡፡ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ የበዓታን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው በ1920 ዓ.ም. አባታቸውን በክብር እስኪያሳርፉ ድረስ ምኒልክ ሞተውም እንደ ታመሙ ቆዩ ማለት ነው፡፡ ያስጀመሩት ባቡር አዲስ አበባ የገባው ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፡፡

ከአፋፉ በታች

አሁን ከአንኮበር አፋፍ ወደ ቆላው እንውረድ፡፡ ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፡፡ ዙሪያዋ የማሽላ፣ የማሾ፣ የሽንኩርትና የማንጎ አገር ነው፡፡ የሸዋ ሮቢት ስም ለረጅም ዓመታት ከትምባሆ እርሻ ጋር አብሮ ሲነሳ የኖረ ነው፡፡ አፄ ዮሐንስ አጥብቀው የከለከሉት ቅጠል፣ ኋላ የብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፡፡ ለእግር የደም ሥር ግን ከትምባሆ የከፋ ጠላት የለም፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ሲጋራን ከሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታ አግዷል፤ አርባ ዓመት ያጨሰን ሰው የደም ሥር ግን አዋጅ አያድሰውም፡፡

በሽታው የነጭ አገር ወይም የሀብታም በሽታ ብቻ አይደለም፡፡ በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት የወጣ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም 236 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የእግር ደም ሥር መጥበብ እንደነበረባቸውና አብዛኞቹም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖሩ ገምቷል፡፡ ምልክቱን ማወቅ ከባድ አይደለም፡፡ አዛውንቱ ሲራመዱ ባታቸውን ይይዛቸዋል፤ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ ይለቃቸዋል፤ እንደገና ያንኑ ያህል ሲሄዱ ይመለሳል፡፡ ሲብስ ሌሊት ተኝተው ጣታቸውን ያቃጥላቸዋል፤ እግራቸውን ከአልጋ ሲያንጠለጥሉ ይቀልላቸዋል፡፡ ከዚያ የማይድን ቁስል ይመጣል፤ ከቁስሉም እግር መቆረጥ፡፡ ምርመራው የእጅንና የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ለክቶ ማነጻጸር ነው፤ የእግሩ ከእጁ ሲካፈል ከ0.9 በታች ከሆነ የደም ሥሩ ጠብቧል ማለት ነው፡፡ ይሁንና እኛ ዘንድ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ስም አያገኝም፡፡ ሪህ ነው፣ ብርድ ነው፣ እርጅና ነው ተብሎ ይታለፋል፡፡

የኑሮ ጥራት የሚባለውን ነገር የምንለካበት የውጭ መጠይቅ አለ፡፡ ስንት ሜትር ትሄዳለህ፣ ስንት ደረጃ ትወጣለህ ይላል፡፡ በይፋት መለኪያው ሌላ ነው ብዬ አስባለሁ፡፡ ሰውየው ለቅሶ ይደርሳል ወይ? እድር ይቀመጣል ወይ? እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይወጣል ወይ? ዓርብ መስጊድ፣ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል ወይ? ለቅሶ መድረስ ያቃተው ሽማግሌ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ዝም ይላል፤ በመጨረሻ መጠራቱም ይቀራል፡፡ የሽምግልና ነገር ሲመጣ ያለ እሱ ይዳኛል፤ መሬቱ ሲከፋፈል ያለ እሱ ይወሰናል፡፡ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ የባሰ ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ ሩጫው እግር ላለው ነበር፡፡ መራመድ ያቃተው አዛውንት ያለው ምርጫ ሰው ተሸክሞት እንዲሸሽ መለመን ወይም ቤት ጠባቂ ሆኖ መቅረት ነው፡፡

የሚያሳዝነው ብዙው ነገር ቀላል መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው፡፡ ምኒልክ በገንዘብም በሥልጣንም ያላገኙትን እኛ አሁን በጤና ጣቢያ እናገኛለን፤ የደም ግፊት መለኪያ፣ የስኳር ምርመራ፣ የደም ማቅጠኛና የስብ መቀነሻ ክኒን፡፡ ትምባሆ ማቆም ከሁሉ ይቀድማል፡፡ ከዚያ ቀጥሎ የተፈተነው መድኃኒት መራመድ ራሱ ነው፡፡ ሕመሙ ሲጀምር ትንሽ መታገስ፣ ሲበረታ ማረፍ፣ ሲለቅ እንደገና መሄድ፤ ይህን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ማድረግ የሚሄዱትን ርቀት ያራዝማል፡፡ ቁስል ያለበት ወይም ተኝቶ የሚያመው ሰው ግን በራሱ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው፡፡ እግርን በየቀኑ ማየት፣ ባዶ እግር አለመሄድ፣ የደነዘዘ እግርን በፍል ውኃ አለመዘፍዘፍ፣ እሳት ዳር አለማስጠጋት፡፡ አዲስ አበባ ያለን ልጆች ለእናት አባታችን ጋቢና መቶ ብር ስንልክ የሚመች ጫማና የአንድ ቀን የምርመራ ሥርዓት ብንጨምር ምን ይጎዳናል?

ሌላው ነገር ክኒን አይደለም፡፡ እግሩ የከዳውን አዛውንት ለቅሶ ቤት በመኪናም በጋሪም ማድረስ ይቻላል፡፡ የሽማግሌዎቹን ስብሰባ እሱ ደጅ ማድረግ ይቻላል፡፡ ወደ ከተማ እንውሰደው ወይስ እዚሁ ይቆይ በሚለው ክርክር ውስጥ መጀመሪያ እሱን መጠየቅ ይቻላል፡፡ በምኒልክ ቤት ሐኪም ነበረ፣ አስታማሚ ነበረ፣ ለክብራቸው ጠመንጃ ያነሳም ነበረ፡፡ የቀረው ጠያቂ ነበር፡፡ እኛ ቤት ይህኛው እንኳ አይጉደል፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡